ውዴ ትሙት

በባሕር ዳር፣ በግሽ አባይ ሰፈር፣ ከአለበል ቤት የበለጠ ሳቅ የሚሰማበት ቤት አልነበረም ብንል ማን ይከሰናል? አለበል የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ሚስቱ የሻሽወርቅ ዝምተኛ፣ ልጁ ክንዱ ጨዋ፤ ትንሿ ውዴ ግን ምላሷ ከመቀስ የተሳለ! ያ ሳቅ የቀበሌው ሰው በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ ነበር። ክንዱ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ወደ ሰሜን ተጫነ። በዓመቱ ክንዱ አልመጣም፤ ወረቀት መጣ። ወረቀት ይታቀፋል? ወረቀትስ ይቀበራል?...

አለበል መጀመሪያ እንቅልፍ እንዲወስደው አረቄ ጠጣ። ቀጥሎ ከእንቅልፉ ለመነሣት ጠጣ። በሦስተኛው ዓመት፣ ጧት አንድ መለኪያ ካላገኘ እጁ እየተንቀጠቀጠ የተበጠሰ ክር መቀጠል አቃተው። ከሥራ ተባረረ። የሻሽወርቅ የሰው ልብስ አጣቢ ሆነች፤ ውዴም ከሰባተኛ ክፍል ወጥታ ቆሎ ትሸጥ ጀመር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ውዴ የአባቷን ጠርሙስ ነጥቃ ደረቷ ላይ ያዘች።

«ስጪኝ፣ አንቺ ባለጌ!»

«አልሰጥህም! መጀመሪያ ‹ክንዱ ይሙት አልጠጣም› በል።»

«ክንዱማ ሞተ፣ ልጄ...»

የሻሽወርቅ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ውዴ ግን ውዴ ናትና ዝም አላለችም። «እንግዲያው ‹ውዴ ትሙት› በላ! ወይስ አረቄው ከእኔ ይበልጥብሃል?»

አለበል ልጁን ትክ ብሎ አያት። «ውዴ ትሙት፣ ሁለተኛ ብቀምሳት!»

ውዴ አረቄውን ጣና ዳር ወስዳ ደፋችው፤ «አሸነፍሁ!» እያለች እየዘለለች ተመለሰች። ወይ አለማወቅ!

በማግስቱ አለበል አልጋው እስኪንቋቋ ተንቀጠቀጠ። የሻሽወርቅ አንጀቷ አልችል ብሎ አረቄ በመለኪያ ብታቀርብለት ገፋት። በሦስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባዶ ግድግዳ እያየ «ክንዱ መጣ! እግሩ ቆስሏል፣ ውሃ ስጡት!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤቱ «እሰይ፣ የመጠጡ ሰይጣን ሊወጣ ነው!» አለ። ቢያዝን የተባለው የጤና ጣቢያ ድሬሰር የተጠራው የአለበል ሰውነት ከተግተረተረ በኋላ ነበር።

«ምነው ቀድማችሁ ብትነግሩኝ! ስንት ዓመት አረቄ የለመደ ሰውነት ባንዴ ሲከለከል ይሞታል እኮ! በሐኪም፣ በመድኃኒት፣ ቀስ እየተባለ ነው የሚተወው። ቃሬዛ አምጡ!»

ውዴ ይህን ስትሰማ እንደ እብድ ሮጣ ከጎረቤት አንድ መለኪያ አመጣች።

«አባባ፣ ቅመሳት! መሐላውን እኔው ፈታሁልህ! ስሞትልህ!»

አለበል ጥርሱን ገጠመ። ከብዙ ትግል በኋላ «ልጄ... አንዱን ሳልቀብር ቀረሁ» አለ። «አንቺን ደግሞ በአፌ ልግደልሽ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ወደ ክንዱ አዞረ። ቃሬዛው አስፋልቱ ጋ ሳይደርስ ትንፋሹ ቆመ።

ሰው ዕጣ ፈንታ ነው ይላል። ልጁን አጥቶ ሲጠጣ ያልሞተ ሰው፣ ልጁን ወድዶ ሲተው ይሙት? ምን ያለ ዕጣ ነው?... አለበል ቃሉን ጠበቀ። ውዴም አልሞተችም፤ ጣና ዳር ቆሎዋን ይዛ ተቀምጣለች። ያ ምላሷ ግን የለም። ሰው በቀልድ እንኳ «እገሌ ይሙት» ሊል አፉን ከከፈተ፣ ብድግ ብላ በእጇ ትከድነዋለች።