አሥራ ሰባት ቁጥር ብልቃጥ

መጀመሪያ ያስተዋወቃቸው መርፌ ነው። የላቦራቶሪ ተማሪዎች ደም መቅዳት የሚለማመዱት እርስ በርስ ነበርና፣ አስተማሪው ክፍሉን ሁለት ሁለት አድርጎ ሲከፍል እሷ ከአንድ ረጅምና ዝምተኛ ልጅ ጋር ተመደበች። ክንዱን አሰረች፣ ወጋች፣ ሳተች። ደገመች፤ አሁንም ሳተች። በሦስተኛው የልጁ ክንድ በልዞ እሷ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«ደም ሥርህ ይሸሻል» አለችው፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል ተቆጥታ።

«አንቺን አይቶ ነዋ» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍሉ ልጆች «ሯጩ» ብለው ስም አወጡለት። እሷን ቀድሞውንም «እሜቴ» ይሏት ነበር። እስክሪብቶዎቿን በየቀለማቸው የምትደረድር፣ ነጭ ጋዋኗን በየማታው የምትተኩስ፣ የነገውን ሥራ ዛሬ አሰናድታ የምታድር ልጅ ነበረች። ሥርዓቷ ለክፍሉ ሁሉ መሳቂያ ነበር። ያው ሥርዓቷ አንድ ቀን ጉድ እንደሚሠራት ያኔ ማን ጠርጥሮ።

አራቱን ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ጨረሱ። በሁለተኛው ዓመት ላይ ነገራቸው ከጠረጴዛ ጓደኝነት አልፎ ነበር፤ ማንም ሳይነግራቸው ሁሉም ያውቅ ነበር። በሦስተኛው ዓመት የእሱ አባት በጉበት በሽታ ሞተ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ። ሯጩ ከቀብር ሲመለስ ስለ አባቱ ብዙ አልተናገረም። የተናገረው ስለ እናቱ ነው፤ አንድ ዓመት ስታስታምም አሥር ዓመት አረጀች አለ። እሜቴ እጁን ይዛ ሰማችው። በምረቃው ቀን ከአባቷ ጋር ልታስተዋውቀው ተስማሙ።

የምረቃው ቀን ሯጩ ሮጠ።

እሷ የአዳራሹ ደረጃ ላይ የአባቷን ክንድ ይዛ ቆማለች። አባቷ ለዚያች ቀን ክራቫት ተውሰው አስረዋል። ልጁ በአጠገባቸው አለፈ። ጠራችው። ዘወር ብሎ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ «እኔና አንቺ የክፍል ጓደኞች ነን። ሌላ ነገር አልነበረንም» አላትና ሄደ። አባቷ ሰምተዋል። ታክሲ ውስጥ አንድም ነገር አልጠየቋትም፤ ክራቫቱን ፈትተው፣ ጠቅልለው፣ ኪሳቸው ከተቱ። እሜቴን ከልጁ ቃል ይልቅ ያ የአባቷ ዝምታ አንጀቷን በላው።

አሥር ዓመት አለፈ። እሱ ራቅ ያለ ጤና ጣቢያ ገባ ተባለ። እሷ እዚያው ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ቀረች፤ የደም ባንኩ ኃላፊ ሆነች። ለጋብቻ ጠያቂዎች መጥተው ነበር፤ መለሰቻቸው። መራጭ ናት አሉ። ከጊዜ በኋላ ኩሩ ናት አሉ። ከዚያ ማለቱንም ተዉት።

የተመረቁበት አሥረኛ ዓመት መገናኛ በዓል ሲቃረብ፣ አብረው የተመረቁት የባቹ ልጆች በስልካቸው ቡድን ላይ ስለ አዳራሽ፣ ስለ ካናቴራ ቀለም፣ ስለ ፎቶ አንሺ ሲጨቃጨቁ ሰነበቱ። በዚያው ሳምንት አንዲት እናት በወሊድ ደም ፈስሷት ገባች። የሚያስፈልጋት ስድስት ከረጢት ደም ነበር። ፍሪጁ ውስጥ የነበረው ሁለት ነው። ሁለቱን እሜቴ ራሷ ታቅፋ ሮጠች። ሴትዮዋ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሞተች፤ ሕፃኑ ተረፈ።

እሜቴ ጋዋኗን ሳታወልቅ ቁጭ ብላ ለቡድኑ ጻፈች። «ካናቴራውም ፎቶውም ይሁን። ግን ሁላችንም ሥራ የለመድነው በሰው ክንድ ነው፤ ሰው አምኖ ክንዱን ሰጥቶን። ዛሬ የተማርንበት ቤት ፍሪጅ ባዶ ነው። ከድግሱ በፊት አንድ አንድ ከረጢት ደም ሰጥተን እንግባ። ሁለተኛ፣ አሁን ያሉትን ተማሪዎች የሚያለማምዳቸው ሰው የለም፤ አንድ አንድ ቀን እንስጣቸው።»

ከዚያ የድሮው የክፍል ተጠሪ፣ አሁን መድኃኒት አስመጪ ሆኖ ሆዱ ቀድሞት የሚሄደው፣ «እሜቴ ካለች አለቀ» ብሎ ጻፈ። ተከትሎ አርባ ሰው ተመዘገበ። መጨረሻ ላይ አሥር ዓመት ያልተሰማ ሰው አንዲት ቃል ጣለ፦ «እመጣለሁ።» እሜቴ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው።

በመገናኛው ቀን ጠዋት ደም ባንኩ ሞላ። ድሮ ደም ሲያይ የሚወድቀው ልጅ ዛሬም ወደቀና ሁሉም ሳቀ። ሯጩ ፀጉሩ ሳስቶ፣ ከድሮው ከስቶ፣ በሩ አጠገብ ቆመ። ለሰጡት ሰዎች ጭማቂ ያድላል፣ ትራስ ያቀብላል፣ ደም መስጫው ወንበር ላይ ግን አይቀመጥም። ተጠሪው ዛሬም ልትሮጥ ነው ወይ ብሎ ቀለደበት። እሱ አልችልም አለ። ለምን ሲሉት ሌላ ትራስ ያነሳል። ከኋላ አንዷ ለፎቶ ነው የመጣው ብላ አጉረመረመች።

ያኔ የአሥር ዓመቱ ንዴት እሜቴን ቀድሟት ከአፏ ወጣ። «ተዉት» አለች ሁሉም እየሰማ። «እሱ መስጠት አያውቅበትም።»

ሯጩ የያዘውን ትሪ ቀስ ብሎ አስቀምጦ ወጣ።

እሷም ብዙ አልቆየች። እንዲህ ብሎ መናገር የእሷ ጠባይ አይደለም፤ አፈረች። ሥራውን ለረዳቷ ሰጥታ ፍለጋ ወጣች። ያገኘችው በድሮው የልምምድ ክፍል፣ የድሮ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጦ ነው።

«አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ» አለችው። «ግን ዛሬ ትነግረኛለህ። ምን አድርጌህ ነው?»

ነገራት።

የመጨረሻውን የተግባር ፈተና ታስታውሳለች። ሁሉም የጓደኛውን ደም ይቀዳል፤ ብልቃጦቹ ላይ ስም ሳይሆን የተማሪ ቁጥር ይጻፋል፤ ከዚያ ተደባልቀው ይታደላሉ። ለሱ የደረሰው አሥራ ሰባት ቁጥር ነበር፣ የገዛ ራሱ። መመርመሪያ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ከወጣ ሰውየው ነፃ ነው፤ ሁለት ከወጣ የጉበት ቫይረስ አለበት። የወጣው ሁለት ነው።

«አባቴን አየሁት» አላት። «እዚያ ወረቀት ላይ አባቴን ነው ያየሁት። ቀጥሎ እናቴን አየሁ፤ ቀጥሎ አንቺን። ብነግርሽ እንደማትተዪኝ አውቃለሁ። ለዛ ነው የሸሸሁት።»

«ለአስተማሪው ምን ብለህ ጻፍክ?»

«አንድ መስመር ብዬ።»

እሜቴ ዓይኗን ጨፈነች። በእነሱ ሥራ ያዩትን ትቶ ሌላ መጻፍ ማለት የመጨረሻው ነውር ነው። ከዚያ ወዲህ ተመርምሮ እንደሆነ ጠየቀችው። ስንት ሺህ ሰው መርምሯል፤ ራሱን ግን አንድም ቀን አልመረመረም አላት። አባቱን ገድሎታል፣ እሱ ጋ መኖሩ ምን ይገርማል? ደግሞ የማየት አቅም አልነበረውም።

«እጅህን አምጣ» አለችው።

ከመደርደሪያው መርፌና መመርመሪያ ወረቀት አምጥታ፣ ክንዱ ላይ ጎማውን አሰረች። መርፌው በአንዴ ገባላት።

«ዛሬ አልሸሸም» አለች።

«ደክሞታል» አላት።

አሥራ አምስት ደቂቃ ጠበቁ። ከታች የባቹ ልጆች ሳቅ ይሰማል። እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እሷ ወረቀቱን አየች፤ አንድ መስመር። አላመነችም፣ ከሌላ ፓኮ ሌላ ወረቀት አውጥታ ደገመች። አንድ መስመር።

«ነፃ ነህ» አለችው።

ሯጩ ወረቀቱን ተቀብሎ እያየ፣ ድምፅ ሳያሰማ አለቀሰ። እሜቴ ግን ደስ ሊላት ሲገባ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሐሳቧ ወደዚያች የፈተና ቀን ተመልሶ ነበር።

ደንቡ፣ መጀመሪያ ደሙ ይቀዳል፣ ከዚያ እዚያው ሰውየው ፊት ብልቃጡ ላይ ይጻፋል። ቀድሞ መጻፍ ክልክል ነው። እሷ ግን እሜቴ ነች፤ ለፈተናው ቀን ሁሉ ነገር ተሰናድቶ እንዲጠብቃት ፈልጋ፣ ሁለቱን ብልቃጦች ከዋዜማው ጽፋባቸው ነበር። አሥራ ሰባት የእሱ፣ አሥራ ስምንት የራሷ። ጠዋት ሯጩ ሲመጣ ስለ አባቷና ስለ ምረቃው እያወራት፣ እየሳቀች፣ ቁጥሩን ሳታይ አንዱን አንስታ ከሱ ቀዳች። ሌላውን ለሱ ሰጠችው፤ ከሷ ቀዳበት።

«አሥራ ሰባት ውስጥ የነበረው ያንተ ደም አይደለም» አለችው። «የኔ ነው መሰለኝ።»

ቀና ብሎ አያት። አሁን እሱ ነበር ያላመነው። ደም ባንክ ነው የምትሠሪው፣ አልተመረመርሽም ወይ አላት። አልተመረመረችም። ክብደቷ አርባ አምስት ኪሎ ስለማይሞላ ደም ሰጥታ አታውቅም፤ ስትቀጠርም የጉበት ክትባት ወጓት እንጂ ቀድሞ የመረመራት የለም። ድካሙን ከሥራ ብዛት ቆጥራው ነበር። ጎኗን የሚወጋትን ከጨጓራ ቆጥራው ነበር።

እጅጌዋን ሰበሰበች። «ቅዳኝ። በደንቡ።»

በደንቡ ቀዳት። ደሙ ከገባ በኋላ እስክሪብቶ አነሳና፣ ለማንም ሰው እንደሚደረገው፣ «ሙሉ ስምሽ?» አላት። ስሟን ከነአባቷ ነገረችው። እያየችው ጻፈ።

የወጣው ሁለት መስመር ነው።

«አንድ ቀን ብትነግረኝ» አለችው፣ ሳትጮህ። «አንድ ቀን። ደግሜ እመረምርህ ነበር። ያኔውኑ ይታወቅ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እኔም ቀድሜ ባልጽፍ...»

«ተዪ፣ እሜቴ።»

«አልተውም። ሁለታችንም ነን።»

ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ተጠሪው ለፎቶ ሊጠራቸው መጥቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ አይቷቸው፣ ቀስ ብሎ መልሶ ዘጋው። በዚያ ዓመት ፎቶ ላይ ሁለቱ የሉም። በዚያ ቀን ግን ፍሪጁ ሠላሳ ስምንት ከረጢት ገባለት፤ በሳምንቱ ሌላ እናት መጥታ፣ ስድስት ከረጢት ተሰጥቷት፣ በእግሯ ወጣች።

ሐኪሙ አልዋሻትም። ጉበቷ ጠባሳ ይዟል፤ ከአሥር ዓመት በፊት ቢደረስበት በቀላሉ ይያዝ ነበር፤ አሁን መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ ያበላሸውን አይመልስም። ስንት ዓመት ብላ ጠየቀችው። እሱን እኔ አላውቅም አላት። ሯጩ በወሩ ዕቃውን ጠቅልሎ መጣ። አልፈልግም፣ እንደ እናትህ ላስረጅህ አልፈልግም ብላ መለሰችው። በማግስቱም መጣ፤ መለሰችው። በሦስተኛው ቀን አባቷ ናቸው በሩን የከፈቱለት። ማዘጋጃ ቤት ሄደው ሲፈራረሙ ምስክሩ ተጠሪው ነበር፣ አባቷም የራሳቸውን ክራቫት ገዝተው አስረው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት የባቹ ልጆች ሳይጠሩ መጡ፤ በዚያው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ለማለማመድ ቀን ተከፋፈሉ። እሜቴ መቆም ስለሚያደክማት ወንበር ተደርጎላት፣ እሱ አጠገቧ ቆሞ፣ የመጀመሪያውን ትምህርት ሁለቱ ሰጡ። እሷ ሳይቀዳ የተጻፈበት ብልቃጥ ምን እንዳደረገ ተናገረች። እሱ ያየውን ትቶ ሌላ ስለጻፈ ተማሪ ተናገረ። እነዚያ ተማሪዎች እነሱ ራሳቸው መሆናቸውን ግን አልነገሯቸውም።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ልጅቷስ? መጨረሻዋ ምን ሆነ?»

ሯጩ ወደ ሚስቱ አየ።

«ትንሽ ዘግይታ አገባች» አለች እሜቴ።

ከዚያ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ አለቻቸው። እሱም በየጠረጴዛው እየዞረ ምንም ያልተጻፈባቸውን ብልቃጦች አደለ።