ከመድረኩ ወለል ስር

«በእኔ ወፍጮ ቤት…» አሉ አጎት አልፎንስ፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ እንደዘረጉ። ከዚያ ጸጥ አሉ።

ቭላስታ ከመድረኩ ወለል ስር ባለችው ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክካ፣ ከአንገቷ በላይ ብቻ ብቅ ብላ ትጠብቅ ነበር። ተመልካች እንዳያያት ከኋላዋ የእንጨት መከለያ አለ፤ ተዋንያኑ ግን ፊቷን ያዩታል። በልቧ እስከ አራት ቆጠረች። ከዚያ በሹክሹክታ፣ በቼክኛ አቀበለቻቸው፤ «ውሃው እንኳ ሳይጠይቀኝ አይገባም።»

አጎት አልፎንስ እጃቸውን አወረዱ። «ጆርጂ!» ብለው ወደ አዳራሹ ተጣሩ። «ይቺ ልጅ ቀድማ እየተናገረች ታደናቅፈኛለች። ገና ትንፋሽ ስወስድ ጣልቃ ትገባለች። በዚህ ዓይነት እንዴት ይሠራል?»

እትዬ ጆርጂ፣ የቴአትሩ አዘጋጅ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ቭላስታ፣ የኔ ልጅ፣ ቀስ በይ እንጂ። ለአጎትሽ ጊዜ ስጫቸው። እንዲህ ከቀጠለ እኔው ራሴ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እገባለሁ።»

መድረኩ ላይ የነበሩት ሽማግሌዎች ሳቁ። ቭላስታ አልሳቀችም። እስከ አራት መቁጠሯን እርግጠኛ ነበረች።

ሊፖቬትስ ከጥጥ እርሻዎች መሃል ያለች ትንሽ የቴክሳስ ከተማ ናት። በየዓመቱ ፀደይ ሲገባ በቼክ ተወላጆች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ አንድ ቴአትር በቼክኛ ይታያል። ከአውሮፓ የፈለሱት ቅድመ አያቶቻቸው አዳራሹን ከሠሩ ጀምሮ ተቋርጦ አያውቅም። አሁን ግን ቋንቋውን አቀላጥፈው የሚናገሩት ፀጉራቸው የሸበተው ብቻ ናቸው። ከቭላስታ እኩዮች መካከል ቼክኛ ማንበብ የምትችለው እሷ አንዷ ነበረች፤ አያቷ በሕይወት ሳሉ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው የድሮ ጋዜጣ ያስነብቧት ነበር። ባለፈው ዓመት፣ ከጉድጓዱ ሆና ለተዋንያኑ የረሱትን ቃል የምታቀብለው ሴትዮ ጉልበቷ እምቢ ሲል፣ «እኔ እገባለሁ» ያለችው ራሷ ናት። ማንም አልለመናትም።

የአያቷ ታናሽ ወንድም አጎት አልፎንስ ደግሞ የወፍጮ ባለቤት ሆነው መጫወት የጀመሩት አባቷ ሳይወለድ ነው። ቴአትሩ በተለዋወጠ ቁጥር እንኳ ሰው የሚጠይቀው «ዘንድሮስ አልፎንስ ማንን ሆኖ ይጫወታል?» እያለ ነው። ዘንድሮ ወደ ወፍጮው ተመልሰዋል።

ወንድሟ ሊዮን በመኪና ወደ ቤት ሲወስዳት ፊቷን አይቶ፣ «ምን ሆነሽ ነው? ሼባዎቹ አስለቀሱሽ እንዴ?» አላት።

«ማንም አላስለቀሰኝም።»

«አቦ ተያቸው በቃ! ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ማንሾካሾክ ምኑ ነው ደስ የሚለው? አንቺኮ ሯጭ ነሽ።»

«ዋሽተውብኝ ነው፣ ሊዮን።»

ሊዮን ወደ እሷ ዞረ። «ማን? አጎት አልፎንስ?»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ዋሽተውብኝ» የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ከበዳት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በብስክሌት ቀጥታ ወደ አጎት አልፎንስ እርሻ ሄደች። ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው የቆርቆሮ ሾርባ ያሞቁ ነበር። ሚስታቸው አልቢና ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗል፤ የሚስታቸው ሽርጥ አሁንም በሩ ጀርባ ተሰቅሏል።

«ቀድሜ አልተናገርኩም» አለች ቭላስታ፣ ሳትቀመጥ። በቼክኛ ጀምራ ንዴቷ ሲመጣ ወደ እንግሊዝኛ ገባች። «እስከ አራት ቆጥሬ ነው። ቃሉ ጠፍቶብዎት ነበር። ታዲያ ለምን በእኔ ያላክካሉ?»

አጎት አልፎንስ ምድጃውን አጠፉ። ይቆጣሉ ብላ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ትናንት ከጠዋት ጀምሮ» አሉ፣ «‹ማንኪያ› በቼክኛ ምን እንደሚባል ስፈልግ ዋልኩ። ማንኪያ! እያየሁት፣ እጄ ላይ ይዤው። ማታ ልተኛ ስል መጣልኝ።»

ቭላስታ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማንኪያ አየች።

«አልቢና እያለች ቀኑን ሙሉ እንጨቃጨቅ ነበር፤ በዚያው ቋንቋውን እንጠብቀው ነበር ማለት ነው። አሁን ከማን ጋር ላውራ? ከላሞቹ ጋር? ላሞቹ የሚሰሙት እንግሊዝኛ ነው፤ ከጨረታ የገዛኋቸው ናቸው።»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። ገና አልበረደላትም። «እሺ፣ ይሄንን ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ አሥራ አራት ዓመትሽ ነው። ‹ተሳሳተች› ቢሉሽ ነገ ይረሳል። እኔን ‹አልፎንስ አበቃለት› ካሉኝ ግን መልሶ የሚያነሳኝ የለም።»

«እኔ አልረሳውም ነበር» አለች። «ሁሉም ሲስቁብኝ እዚያ ውስጥ ነበርኩኮ።»

አጎት አልፎንስ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ አሹ። «አጥፍቻለሁ» አሉ፣ በቼክኛ።

ቭላስታ ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ለእትዬ ጆርጂ እውነቱን ካልነገረች ጥፋተኛዋ እሷ ሆና ትቀራለች። ከነገረች ደግሞ ሚናው ከአጎት አልፎንስ እጅ ሊወጣ ይችላል። መንገድ ላይ ስትመጣ እነዚህን ሁለቱን ብቻ ነበር ያሰበችው፤ አሁን ግን ሦስተኛ መንገድ ታያት።

«አልዋሽልዎትም» አለች በመጨረሻ። «ለእትዬ ጆርጂ እነግራቸዋለሁ። ግን ከነገ ጀምሮ በየቀኑ ከሰዓት እመጣለሁ፤ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አላወራዎትም። እርስዎም አያወሩኝም።»

«የሩጫ ልምምድሽስ?»

«ከትምህርት ቤት እዚህ ድረስ ሦስት ማይል ነው። ሮጬ እመጣለሁ።»

እትዬ ጆርጂን ያገኘቻቸው ፀጉር ቤታቸው ውስጥ ወለሉን ሲጠርጉ ነው። ቭላስታ ከበሩ ሳትርቅ ሁሉንም ነገረቻቸው። «ከሚናው አያውጧቸው» ብላ ጨረሰች። «ለእኔ ይተዉልኝ። እያንዳንዷን ቃል አቀብላቸዋለሁ።»

እትዬ ጆርጂ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «እንደረሱ አውቄ ነበር፣ ቭላስታ። ጆሮ አለኝኮ። አንቺን የተቆጣሁት፣ አንቺ ትችይዋለሽ፣ እሳቸው አይችሉትም ብዬ ነው።»

«እኔም አልቻልኩትም» አለች ቭላስታ።

እትዬ ጆርጂ ቀና ብለው አዩዋት። ሐሙስ ዕለት፣ ልምምዱ ሳይጀመር፣ ሁሉም በተሰበሰቡበት፣ «ባለፈው ቭላስታን ያለ ጥፋቷ ነው የተናገርኳት። ልጅቷ አልተሳሳተችም» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። አጎት አልፎንስ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ቭላስታ አቧራማውን መንገድ ሮጠች። መጀመሪያ ላይ ወሬያቸው ይቆራረጥ ነበር፤ እሳቸው ቃል ይጠፋባቸዋል፣ እሷ ደግሞ መጀመሪያውኑ አታውቀውም። ሁለቱም ዕቃ ላይ እየጠቆሙ ይሳሳቃሉ። ኋላ ላይ ግን ስለ አልቢና፣ ስለ ጎረቤት፣ ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ስለወሰደበት ዓመት አወሩላት። አንድ ቀን በካርታ ጨዋታ ስታሸንፋቸው፣ «አጭበርባሪ!» ብለው በቼክኛ ጮሁባት፤ ቃሉን ሳይፈልጉት።

ቴአትሩ በሚታይበት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ቋሊማውንና የፓስታ ሾርባውን በልቶ፣ ኮላች የሚባለውን በፍራፍሬ የተሞላ ጣፋጭ ዳቦ በናፕኪን ጠቅልሎ አዳራሹን ሞላው። ወጣቶቹ ታሪኩ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት ይዘዋል። ሊዮን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር።

የመጀመሪያው ክፍል ያለ እንከን አለፈ። በሁለተኛው፣ አጎት አልፎንስ እንደ ወፍጮው ባለቤት፣ ሴት ልጃቸውን ለትዳር ሊጠይቅ የመጣውን ወታደር ከበር ላይ ማባረር አለባቸው። እጃቸውን ዘረጉ።

«በእኔ ወፍጮ ቤት…»

ቭላስታ ቆጠረች። አንሾካሾከች። አልሰሙም፤ ኋላ ረድፍ ላይ አንድ ሕፃን ያለቅሳል። ደገመችው። አሁንም አልሰሙም። ዓይናቸው ወደ እሷ ሲንከራተት አየችውና ሳታስበው ድምፅዋ አመለጣት።

«ውሃው እንኳ ሳይጠይቀኝ አይገባም!»

አዳራሹ በሙሉ ሰማ። ሕፃኑ ሳይቀር ዝም አለ። ቭላስታ ጆሮዋ ድረስ ጋለች፤ ጉድጓዱ ወደ ታች ቢውጣት በወደደች።

አጎት አልፎንስ እጃቸውን አላወረዱም። «ውሃው እንኳ ሳይጠይቀኝ አይገባም!» አሉ፣ የአዳራሹ መስኮቶች እስኪርገበገቡ። ከዚያ ወታደሩን ትተው፣ በቀስታ ተራምደው መጥተው ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ አሉ። «አንቺስ? አንቺ ደግሞ በየት በኩል ገባሽ?»

ይህ ጽሑፉ ውስጥ የለም። ቭላስታ እያወቀችውም ገጹን ገለጠች። ለእሷ የተጻፈ ነገር የለም፤ ኖሮም አያውቅም። አጎት አልፎንስ እዚያው እንዳጎነበሱ ይጠብቋታል፤ ዓይናቸው ውስጥ ፍርሃት አልነበረም።

«ከውሃው ጋር ነው የገባሁት፣ ጌታዬ!» አለች በቼክኛ።

መጀመሪያ የሳቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው። አንዲት አሮጊት ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ። ከዚያ ወጣቶቹ ወረቀታቸውን ቢያገላብጡ አጡት፤ «ምን አለች? ምን አለች?» እያሉ አያቶቻቸውን መጎተት ጀመሩ። ከሁሉም በላይ የሚሰማው የሊዮን ድምፅ ነበር። አጎት አልፎንስ ቀና ብለው ወደ ወታደሩ ተመለሱና ቀጣዩን ንግግር ማንም ሳያቀብላቸው ጀመሩ።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ የቡድን ጓደኞቿ ሜዳው ላይ ይሟሟቁ ነበር። «ቴአትሩ አለቀ አይደል? ነይ እንጂ!» አሏት።

ቭላስታ የጫማዋን ክር አጠበቀች። «አሰልጣኙን አስፈቅጃለሁ። ሰኞ ሰኞ የምሮጠው በመንገዱ ነው» አለችና ወጣች።

አጎት አልፎንስ ጓሮ ውስጥ በርከክ ብለው ችግኝ ይተክሉ ነበር። ላብ እንዳጠመቃት አጥሩን ስትከፍት አይተው ለምን እንደመጣች አልጠየቋትም። እሷም አልነገረቻቸውም። ከጎናቸው ተንበረከከችና ቅጠሉን እየነካች በቼክኛ ምን እንደሚባል ጠየቀቻቸው።

ነገሯት። ከዚህ በፊት ሰምታው የማታውቀው ቃል ነበር። አንዴ ደግማ አለችው፣ ከዚያ አንድ ችግኝ አነሳች።