የረሂማ ሞተርና የፊልሙ ሌባ

የወፍጮ ቤቱ በር ተሰብሯል። የናፍጣው ሞተር የለም።

የመርሳ ከተማ ጉድ አለች። ጦርነቱ መብራቱን ካጠፋው ወዲህ ለከተማው እህል የሚፈጨው ይኸው የእትዬ ረሂማ ሞተር ብቻ ነበር። እሱ ጠፋ ማለት ሰው ሁሉ ንፍሮ በላ ማለት ነው።

መጀመሪያ «ጦሩ ነው» ተባለ። ጦሩ ግን ካለፈ ሰንብቷል።

ኋላ የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ፈንታው «በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ተወልደብርሃን ነው!» ብሎ ማለ።

ተወልደብርሃን ተዋናይ ነው። በየፊልሙ ሲሰርቅ፣ ሲያግት፣ ሲደበድብ የኖረ። ዋና ሆኖ አያውቅም፤ ግን አገር አቋራጭ አውቶብስ የተሳፈረ ሁሉ በቪዲዮ አይቶ ረግሞታል። ሥራው ሲቆም እናቱ ዘንድ መርሳ ገባ። ቤተሰቡ ከትግራይ የመጣ ስለሆነ፣ ሰው በዘሩ በሚጠረጠርበት በዚያ ክፉ ሰሞን ከግቢ አይወጣም ነበር።

ተይዞ ፖሊስ ጣቢያ ገባ፤ ከሰዓት መኪና ሲመጣ ወደ ሩቅ እስር ቤት ሊጫን ነው። ያኔ የተጫነ ደግሞ ቶሎ አይመለስም።

የጣቢያዋን መርማሪ ሳጅን ዓቢዳን ግን አንድ ነገር ከነከናት። ያ ሁሉ ክፋት ከዚህ ዓይን አፋር ሰውዬ እንዴት ወጣ?

«ሰርቀሃል?»

«አልሰረቅኩም፣ ሳጅን።»

«ታዲያ ሰው ሁሉ እንዴት አመነብህ?»

«ሃያ ዓመት ሌባ ሆኜ ሠራሁ። ጥሩ ሠርቻለሁ ማለት ነው።»

ሳትወድ ሳቀች። ከዚያ ፈንታውን አስጠራች።

«በምን ለየኸው?»

«በጠባሳው ነዋ! ከግራ ዓይኑ እስከ አገጩ የወረደው። ባትሪ ሳበራበት ቁልጭ ብሎ ታየኝ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ይህን ዓይኔን ያጥፋው!»

ዓቢዳ ተዋናዩን አስገብታ መስኮቱ ዘንድ አቆመችው። ጉንጩ ላይ ጭረት እንኳ የለም።

«ጠባሳው የት ሄደ?» አለችው።

«የፊልሙን ነው? እሱማ ሙጫና ቀለም ነው። ቀረጻ ሲያልቅ ታጥቤው እገባለሁ።»

ፈንታው ሞተሩን የደበቀበትን ቦታ ራሱ ተናገረ።

ሞተሩ ጊራና ከተማ፣ የፈንታው አማች ግቢ፣ ጭድ ስር ተገኘ። መብራት በሌለበት አገር ባለ ሞተር ንጉሥ ነው፤ ፈንታውም የራሱን ወፍጮ ሊተክል ኖሯል።

«ለምን እሱን መረጥክ?» አለችው ዓቢዳ።

«ስሙን ስጠራ ማንም አይጠራጠርም ብዬ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ማንም አልተጠራጠረም እኮ።»

እትዬ ረሂማ ሞተራቸውን ሊረከቡ ጋሪ ይዘው መጡ። የተወልደብርሃን እናት ጎረቤት ናቸው፤ እሱንም አዝለው አሳድገውታል። ሊያቅፉት እጃቸውን ዘረጉ። እሱ ግን ባለበት ቆመ።

«የአንቱን ላም ወተት ጠጥቼ ነው ያደግሁት» አላቸው። «አንቱስ አምነው ነበር?»

እንባቸው ቀደማቸው።

«አመንኩ፣ ልጄ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አመንኩ።»

ተወልደብርሃን ጎንበስ አለ። ሞተሩን ከፖሊሶቹ ጋር አንስቶ ጋሪው ላይ ጫነላቸው፣ በገመድም አጥብቆ አሰረላቸው። አንዲት ቃል ግን አልተነፈሰላቸውም።