ለኑርዬ የተሰጠው ዱቄት

ዓሣ አጥማጁ ኑርዬ የሞተው የጾም መፍቻው መግሪብ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። የፖሊስ መቶ አለቃ ሙላት ነገሩን ሊመረምር በማግስቱ ከደሴ ተነሥቶ ሐይቅ ከተማ ሲደርስ ሬሳው አልተቀበረም፤ አብዮት ጥበቃዎች ከልክለዋል። የሟቹ ከንፈር ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። ከመደቡ ግርጌ ውኃ የሞላ ጣሳ ሳይነካ ተቀምጧል። ሚስቱ ዘይቱና ባሏን መርዛለች ተብላ ቀበሌ ታስራለች፤ ማታ ደሴ ወህኒ ልትጫን ነው። በዚያ በደርግ ዘመን የተጫነ ሰው ስለመመለሱ ደፍሮ የሚምል አልነበረም።

«ምን ሰጠሽው?» አላት ሙላት።

«ሊነጋ ሲል ስሁር ላይ ገንፎ፣ ከዚያ ሐኪሙ ሰሞኑን የሰጠውን አዲሱን ዱቄት። ወላሂ ሌላ የለም! በቀን ሦስቴ ነው የታዘዘው። ረመዷን ሆነና ሦስቱንም ጥቅል ባንዴ በጠበጥኩለት። ‹መረረኝ› አለ። ከዚያማ ሲያስመልሰው፣ ሲያስቀምጠው ዋለ። ለታመመ ተፈቅዷል፣ ውኃ ጠጣ ብዬ ብለምነው፣ ‹ተይኝ፣ መድኃኒቱ እያጠራኝ ነው› አለኝ።»

ሙላት በእንባ የሚረታ ሰው አልነበረም። ነገር ግን የመረዘች ሴት ውኃ ጠጣ ብላ ትለምናለች? ይኼ ከነከነው።

የከተማው ጤና ጣቢያ ሐኪም ዶክተር የሻው አዲስ የጨጓራ መድኃኒት እየሞከረ ነበር። ከሕመምተኞቹ ግማሹ እውነተኛውን፣ ግማሹ መልኩን ብቻ የያዘ አስመሳይ ዱቄት ይወስዳል፤ የማን የቱ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

«የኑርዬ አስመሳዩ ነው» አለ ዶክተሩ ሳይደናገጥ። «የገብስ በሶ፣ ጓድ መቶ አለቃ። በሶ ሰው ሲገድል አይተው ያውቃሉ?»

«ታዲያ ለምን መረረው?»

«እሱን ሚስቱን ይጠይቋት።»

የሟቹ ወንድም ሙዘይን ሳምንቱን ቢስቲማ ገበያ ሰንብቶ ገና መግባቱ ነው። «በታንኳችን ተጣልተን ነበር፣ አልክድም» አለ። «እሷን ግን አትንኩብን። ዓይኑ ነበረች።»

ጤና ጣቢያው በር ላይ አንዲት ባልቴት፣ እማማ አገሬ፣ ዱቄታቸውን ይጠብቃሉ። ሙላት መድኃኒቱ እንዴት እንደሆነላቸው ጠየቃቸው።

«መጀመሪያ የሰጡንማ በሶ ነው ብለን ስንስቅ ከረምን። አዲሱ ግን ማርያምን፣ አንጀት ያርሳል! እየመረረም ቢሆን ስንት ዓመት የኖረብኝን ትል አወጣልኝ።»

ሙላት ወደ ዶክተሩ ተመለሰ። «የእማማ አገሬስ የቱ ነው?»

«እሳቸውም በሶውን ነው የሚወስዱት።»

ሊመሽ ሲል ጭነት መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ዘይቱናን ሲጠብቅ፣ ሙላት ሁሉንም ቀበሌው ግቢ ውስጥ ሰበሰበ።

«በሶ አይመርም» አለ። «ኑርዬን ግን መረረው። ዘይቱና ጨምራበት ነው ተባለ። ይሁን። ለእማማ አገሬስ ማን ጨመረባቸው? በሶ ትል አያወጣም። መልኩ እንደ በሶ ቡናማ፣ ጣዕሙ መራራ ሆኖ ትል የሚያወጣው ምንድን ነው?»

«ኮሶ!» አሉ እማማ አገሬ አፋቸውን ይዘው። «አፌማ ነግሮኝ ነበር። ሐኪም ቤት ኮሶ ይሰጣል ብሎ ማን ይጠርጥር?»

«እርስዎ አንድ አንድ ጥቅል እያሉ በውኃ ወሰዱ፣ ትል ወጣልዎት። ኑርዬ ጨጓራው የቆሰለ ሰው ነው፤ ሦስቱን ባንዴ ዋጠ፣ ከዚያም ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይቀምስ ጾመ። ዱቄቱን የሚያዘጋጀው ደግሞ አንድ ሰው ነው።»

ዶክተሩ ወደ እማማ አገሬ ዞረ። «ሳቁብኝ» አለ። «በሶ መሆኑን ካወቁ ሙከራው ከንቱ ነው። እንዲመር ብዬ... ጥቂት ነበር።»

«አስመሳይ ሆድ ውስጥ ገብቶ ምንም አይሠራም ነበር የሚባለው። አንተ ሆድ የሚያጥብ መረጥክ። እሱስ ስህተት ነው ይባል፤ ሰውየው መሞቱን ሰምተህ ግን ሚስቱን አሳልፈህ ሰጠህ።»

አብዮት ጥበቃዎቹ የዘይቱናን እጅ ፈቱላት። ወደ ቤቷ አልሮጠችም፤ ዶክተሩ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ከኮሶው ጋር መድኃኒቱ ትንሽ እንኳ አልነበረበትም?»

«አልነበረበትም» አለ ዶክተሩ።

«‹እያጠራኝ ነው› አለኝ እኮ» አለች። «ደስ ብሎት ነበር።»

ሙዘይን የወደቀ ሻሿን አንሥቶ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። «ነይ እህቴ፣ አሁን እንቀብረዋለን።»