የቀጠነው ክሬም

በዚያ በጋ ሦስት ወር ሙሉ ዝናብ ጠብ አላለም። ደመናም አልነበረም። ጉድጓዶች ደረቁ። ፋርማሲዎች ውስጥ የጸሐይ መከላከያ ክሬም ጠፋ።

የሚጢ ታላቅ እህት ችግኝ ጣቢያ ነው የምትሠራው። ከአልቢኒዝም ጋር ስለተወለደች ቆዳዋን ከጸሐይ የሚጠብቅ ቀለም የላትም። ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌና ክሬም ሳይኖራት ከቤት አትወጣም። ዛሬ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አንገቷን በእርጥብ ጨርቅ ይዛለች። ቆዳዋ ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል።

«ተቀብቼ ነበር እኮ» አለች። «ያውም ሁለቴ።»

እናት ጫማዋን አጠለቀች። «የሸጠልን የውሸት ነው ማለት ነው። ሚጢ፣ ብልቃጡን ያዢና ተከተይኝ።»

ሚጢ ያዘችው።

ነገሩን የምታውቀው እሷ ብቻ ነች። የክፍላቸው ፎቶ ሊነሳ ሲል ክሬሙን ፊቷ ላይ ለቅልቃው ነበር፤ ነጣ ስለሚያደርግ። «ቀሽት ሆነሻል ባክሽ! አምፖል መሰልሽ» አለቻት ጓደኛዋ። በማግስቱም ተቀባች። በሳምንቱ ብልቃጡ ተጋመሰ። የጎደለውን በሰውነት ሎሽን ሞልታ በማንኪያ አማሰለችው። ማን ይለየዋል?

ፋርማሲው ውስጥ አምስት ሰው ተሰልፏል። እናት እሳት ጎርሳ ገባች።

«አንተን አምነን ልጄ ተቃጠለች» ብላ ብልቃጡን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «ይሄ መድኃኒት ነው ወይስ ቅቤ?»

ከፊት የነበረችው ሴት በእጇ የያዘችውን ሽሮፕ መልሳ ባንኮኒው ላይ አኖረች።

ፋርማሲስቱ አልተቆጣም። ከብልቃጡ በጣቱ ጨልፎ ጥቁር ፌስታል ላይ ቀባው። ከባንኮኒው ሥር አዲስ ብልቃጥ አውጥቶ ከዚያም አጠገቡ ቀባ። አዲሱ እንደ ኖራ ነጣ። የእነሱ ሳስቶ የፌስታሉን ጥቁረት አሳየ።

«ይሄ ነጩ ዚንክ ኦክሳይድ ነው፣ እትዬ» አለ። «ደቃቅ ዱቄት ነው። ቆዳ ላይ ተነጥፎ የሚያቃጥለውን ጨረር ውጦ ያስቀራል፤ ጥቂቱንም ይመልሰዋል። ቅባቱ ተሸካሚ ነው እንጂ አይከላከልም። ዱቄቱ ሲቀጥን መሐሉ ክፍት ይሆናል። ጸሐይ በዚያ ትገባለች። አንድ ሰው ሌላ ነገር ቀላቅሎበታል፤ እኔ ግን አይደለሁም።»

«ታዲያ አይጥ ቀላቀለችው?» አለ አንድ ሰልፈኛ። ሌሎቹ ሳቁ። ሽሮፑን የመለሰችው ሴትዮ ወደ በሩ ሄደች።

ሚጢ አዲሱን ብልቃጥ አየችው። በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለበት፤ «ለትልቋ» ይላል። ፋርማሲስቱ ስድስት ዓመት ሙሉ ክሬም በመጣ ቁጥር መደርደሪያ ላይ ሳይወጣ አንዱን ለእህቷ ያስቀራል። ቤት ውስጥ እናቷ «የዚህን ሰው ውለታ በምን እንከፍለው ይሆን?» ሳትል የቀረችበት ጊዜ የለም። ዛሬም አስቀርቶላታል።

ቤት ስንደርስ ለእማዬ እነግራታለሁ፣ ብላ አሰበች። ግን ሴትዮዋ የበሩን እጀታ ይዛለች። ነገ ለሰፈሩ ሁሉ ታወራለች።

ሚጢ ጀርባዋን ለባንኮኒው ሰጥታ ወደ ሰልፉ ዞረች።

«እኔ ነኝ» አለች። ድምጿ ስላነሰባት ደገመችው። «እኔ ነኝ ሎሽን የጨመርኩበት። ለፎቶ ብዬ አጋምሼው፣ እንዳይታወቅብኝ። እሱ የሸጠልን ደህና ነበር።»

እናት ልጇን አየቻት። ከዚያ ወደ ፋርማሲስቱ ዞራ፣ «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» አለች።

እሱ አዲሱን ብልቃጥ ወደ ሚጢ ገፋ አደረገው። «እህትሽ ቁስሉ እስኪድን ጥላ ውስጥ ትቆይ። ከዳነች በኋላ ወፈር አድርጋ ትቀባ፤ በየሁለት ሰዓቱ። ያደረግሽውንም ራስሽ ንገሪያት።»

«እነግራታለሁ።»

ፋርማሲስቱ ጣቱን በጨርቅ ጠረገ። «ተራው የማን ነበር?» አለ።

ሴትዮዋ ከበሩ ተመለሰች። «የእኔ» ብላ ሽሮፑን ከባንኮኒው አነሳች።