አንድ ጊዜ ብቻ የተጠራው ስም

የኔታ ስንሻውና አለቃ አዳሙ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በጎንደር ቆላ ለተማሪ ሥርዓት ያወጡ ሰዎች ነበሩ። ካወጡልን ሥርዓት አንዱ እንዲህ ይላል፤ «ፊቱን ያላየኸው ጠሪ ሦስት ጊዜ ሳይደግም አቤት አትበል። ሰው ይደጋግማል። ሰው ያልሆነው ግን አንዴ ብቻ ይጠራል።»

ይህን የምጽፍላችሁ በዓይኔ አይቼ፣ በጆሮዬ ሰምቼ ነው። ተረት የሚመስለው ካለ፣ መብቱ ነው።

ዘመኑ የ2005 ዓ.ም. ክረምት፣ ቦታው ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰባችን ትምህርት ቤት። ሰዓቱ ሰባት ሰዓት ግድም፣ ጠራራ ቀትር።

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለመምህራን የሮቦት ሥልጠና ተከፍቶ ነበር። እኔም በስተርጅና ከተማሪዎቼ ጋር በአንድ አግዳሚ ተቀመጥሁ። አሠልጣኛችን ሙዳሲር ይባላል፤ እዚያው ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ፣ እኔው ፊደል ያስቆጠርሁት ወጣት ነው።

የሠራነው ባለ ጎማ ሮቦት የተማሪዎችን ስም ይጠራል፤ «አቤት» ወዳለው ሰው ይሄዳል። ስሞቹን በገዛ ድምፁ የቀረጸው ሙዳሲር ነበር።

«ጥሪው ሦስት ጊዜ ይሁን» አልሁት።

«ያ ኡስታዝ!» ብሎ፣ በዓረብኛ መምህር ሆይ ማለቱ ነው፣ ሳቀ። «እቃ እኮ ነው። አንዴ ይበቃዋል።»

ተማሪዎቹም ሳቁ። 

በዚያ ቀን ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ተነሣ። አቧራው ቀትሩን አጨለመው። በርና መስኮት ዘጋን፤ መብራትም ጠፋ። ሙዳሲር የሮቦቱን ባትሪ አውልቆ ኪሱ ከተተ፤ ሮቦቱን ከጎናችን ባለው ዕቃ ቤት ቆለፈበት።

ጥቂት ቆይቶ... ከዕቃ ቤቱ የጎማ ድምፅ ተሰማ።

ቀስ እያለ... እስከ በሩ መጣ። ቆመ።

«ሸጊቱ።»

የሙዳሲር ድምፅ ነው። ሙዳሲር ግን አጠገቤ ቆሟል። ከንፈሩ ግጥም ያለ ነው።

ሸጊቱ ከተማሪዎቹ ሁሉ ታናሿ ናት። አፏን ልትከፍት ስትል በመዳፌ ከደንሁት።

«እንዳትመልሺ፣ ልጄ።»

ጠበቅን... አልደገመም።

«ባትሪው የታለ?» አልሁ በሹክሹክታ።

ሙዳሲር ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። መልሶም በጡጫው ጨበጠው።

ሸጊቱ በመዳፌ ሥር ማልቀስ ጀመረች። ሙዳሲር ይህን ሲያይ ተቆጣ፤ ምናልባትም በፍርሃቱ አፈረ።

«ኸላስ፣ በቃ! ልጅቷን በተረት ገደላችኋት። እኔ እመልስላታለሁ።»

«ተው፣ ሙዳሲር! በአለቃ አዳሙ አጥንት—»

«አቤት!» ብሎ ጮኸ።

ልይዘው ፈልጌ ነበር። ክንዴ እንደ በድን ተንጠልጥሎ ቀረ።

ከበሩ ወዲያ ጎማው ዞረ... ራቀ... ጸጥ አለ።

ሙዳሲር ፈገግ ብሎ ወደ እኛ ዞረ። «አያችሁ?» ሊል ነበር። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

ጉሮሮውን ያዘ። እንደገና ሞከረ። እንደገና...

ውኃ አጠጣሁት። ጀርባውን መታሁት። እኔ ዳዊቴን ደገምሁ፤ ተማሪዎቹም የሚያውቁትን ቁርኣን ቀሩ። አንዱም አልረዳው።

ሀቡቡ ሲያልፍ ቁልፉን ተቀብዬ ዕቃ ቤቱን ከፈትሁ። ሮቦቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ እንደተቀጣ ተማሪ ቆሟል።

ሙዳሲር ከኋላዬ ነበር። ባትሪውን በእጁ ጨብጧል። አፉን ገጥሟል። እንባው በአቧራማ ጉንጩ ላይ መስመር አውጥቶ ይወርዳል።

ያን ጊዜ ከሮቦቱ ውስጥ የሙዳሲር የገዛ ድምፁ፣ ፊደል ሲቆጥር ይጠራኝ በነበረው ስም እየጠራኝ፣ በቀስታ መጣ...

«የኔታ... ተሳስቻለሁ።»