ጉንዳን የወረረው ኮሌታ

የወንጀል ምርመራ ክፍሉን ያቋቋሙት ሻለቃ አስከሬን በወደቀበት ግቢ እህል አይቀምሱም ነበር። እሳቸውን የተኩት ሻምበልም ለሟች ባርኔጣቸውን ሳያነሡ ከስፍራው አይሄዱም ነበር። በሁለቱ እግር ሥር ያደገችው ዋና መርማሪ በዚያ ማለዳ ከመኪናዋ ስትወርድ መጀመሪያ ያየችው ምክትሏን ነው፤ ወጣቱ ከሠርጉ ገበታ ያነሣውን የተጠበሰ ዓሣ እያላመጠ ጣቶቹን ይልሳል። ከእሱ ሃያ እርምጃ ርቆ፣ ከባሕሩ ጠርዝ፣ አስከሬን በገበታ ጨርቅ ተሸፍኖ ተጋድሟል።

«የሙሽራዋ አጎት ናቸው» አለ አፉን ጠርጎ። «ትናንት ማታ ጠጡ፤ ዋኙ፤ ሰጠሙ። ሪፖርቱ አልቋል። ሠርጉም በአራት ሰዓት እንዲቀጥል ፈቅጃለሁ።»

«ከነኮታቸው ነው የዋኙት?»

«የጠጣ ሰው ምን ያደርጋል አይባልም፣ አለቃዬ።»

በድንኳኑ ሥር የተደረደሩት ወንበሮች አሥራ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሙሽሮቹ የቅርብ ሰው ብቻ ይዘው ነበር የመጡት። የሙሽራዋ እናት በተኳለ ዐይን፣ ፈጠን ፈጠን እያለች መጣች።

«ይህ ጨርቅ የሆቴሉ ነው፤ በሌላ ቢለወጥልን። ደግሞ ፎቶ ውስጥ እንዳይገባ ትንሽ ፈቀቅ ቢደረግስ?»

ፈቀቅ ይደረግ የተባለው ሰው፣ አባቷ የሞተባትን ልጇን ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገ የባሏ ወንድም ነበር።

ዋና መርማሪዋ ጨርቁን ገለጠች። ከኮሌታው እስከ ጆሮው ጉንዳን ተሰልፏል። የደረቀውን ኮት በጣቷ አሸችው፤ የጨው ነጭ ዱቄት አልነበረበትም።

«ጉንዳን ምን ይወዳል?» ብላ ምክትሏን ጠየቀችው።

«ጣፋጭ ነዋ።»

«ባሕር ደግሞ ጣፋጭ አይደለም። እዚህ አጠገብ ጣፋጭ ውሃ እንፈልግ፤ ና ተከተለኝ።»

የሠርጉ አበባ ደርዳሪ ከባሕሩ አሥር እርምጃ በማይርቀው የአበባ ማስቀመጫ ጎጆ በር ላይ ቁልፍ ይዛ ቆማ ነበር። «ትናንት እራት ስበላ ክፍቱን ትቼው ነበር» አለች። «ስመለስ ጨልሞ ስለነበር ወደ ውስጥ ሳላይ ቆለፍኩት። ቁልፉ ከእኔ አልተለየም፤ መከፈቱም ገና አሁን ነው።»

በውስጡ አራት በርሜሎች ነበሩ። የሦስቱ አበባ ፈክቷል፤ የአራተኛው ነጭ ጽጌረዳ ግን አንገቱን ሰብሯል።

«ማነው ጉድ የሠራኝ? አራቱንም ከወጥ ቤት በባልዲ ተሸክሜ እኩል ነው የሞላሁት፤ እንቡጡ እንዲፈነዳ ስኳሩንም እኩል ነው የጨመርኩት።»

ዋና መርማሪዋ ጣቷን ከአራተኛው በርሜል ነክራ ቀመሰች።

«ኧረ አለቃዬ፣ ይቀፋል» አለ ምክትሉ።

«ሬሳ አጠገብ ዓሣ ከመብላት አይብስም። የባሕር ውሃ ነው።»

ሙሽራው በመስተዋት ፊት ከረባቱን እያስተካከለ ተቀበላት። በዚያ ሙቀት ሁሉም ክንዱን አጋልጦ ሲሄድ፣ የእሱ እጅጌ እስከ አንጓው ተቆልፏል።

«አበባው ጎጆ ገብተህ ነበር?»

«እኔ? ደጃፉንም አላውቀው።»

«ከአጎቷ ጋርስ?»

«እንደ አባቴ ነበሩ» አለና ሰዓቱን አየ።

እናትየዋ ደግሞ ሳትጠየቅ አመሰገነችው። «ልጄ ታድላለች። በዚህ ሐዘን መሐል እንኳ ገና እናንተ ሳትመጡ በማለዳ መጥቶ፣ ‹ነጩ ጽጌረዳ ስለጠወለገ ቀዩን ያድርጉት› ያለኝ እሱ ነው።»

በአራት ሰዓት ሁሉም በድንኳኑ ሥር ተቀመጡ። ከዋና መርማሪዋ ጋር ሲነጋገር የቆየው ጋብቻ መዝጋቢ መዝገቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ተጨንቋል።

«ሟቹ የሞቱት በባሕር አይደለም» አለች ዋና መርማሪዋ። «ኮታቸው ላይ ጨው የለም፤ ኮሌታቸው ላይ ስኳር አለ። ጭንቅላታቸው የተደፈቀው በአበባ በርሜል ውስጥ ነው። ውሃው በትግሉ ፈሰሰ። ገዳዩ ባዶውን በርሜል እንዳያዩበት ፈጥኖ ከባሕሩ ቀድቶ ሞላው። አበባ ደርዳሪ ይህን አታደርግም፤ ጨው አበባዋን እንደሚገድል ታውቃለች። ገዳዩ ግን ጨውን ያሰበው ኋላ ነው። ሬሳውን ማዕበል ይወስድልኛል ብሎ ከጠርዙ ጣለው፤ ባሕሩ ግን ወደ ኋላ ሸሸ።»

«ማን ነው?» አለች ሙሽራዋ በቀጭን ድምፅ።

«ጎጆው እኛ እስክንደርስ ድረስ ተቆልፎ ነበር። በማለዳ፣ ነጩ እንደሚጠወልግ ሊያውቅ የሚችለው ያበላሸው ሰው ብቻ ነው። ደጃፉንም አላውቀው ያልከው ልጅ፣ እስቲ እጅጌህን ሰብስብ።»

ሙሽራው አልተንቀሳቀሰም። ምክትሉ የእጅጌውን ቁልፍ ፈታው፤ ክንዱ ከአንጓው እስከ ክርኑ በእሾህ ተተልትሏል።

«ምክንያቱን እርስዎ ይንገሯት» አለች ወደ መዝጋቢው ዞራ።

«ሟቹ ትናንት ደውለው የዚህን ሰው ስም በመዝገብ እንድፈልግ ለምነውኝ ነበር» አለ መዝጋቢው። «አገኘሁት፤ ማታውኑ ስነግራቸው ‹ራሱን ልጠይቀው› አሉኝ። ካገባ አምስት ዓመቱ ነው፤ አልፈታም።»

«እሱ ሽማግሌ ምን አገባው?» አለ ሙሽራው፣ አሸዋ ላይ ተፍቶ።

እናትየዋ ማራገቢያዋን አጠፈች። «ይህ ሁሉ ከፊርማው በኋላ ቢወራ ምን ነበረበት? እንግዳ ፊት…»

ሙሽራውን ይዘው ሲሄዱ ሙሽራዋ ከወንበሯ ተነሥታ ከምክትሉ ፊት ቆመች።

«ሠርጉ ይቀጥል ያልከው አንተ ነህ አሉኝ።»

ምክትሉ ወደ አለቃው አየ፤ አለቃው ባሕሩን ታያለች። ሪፖርቱን ከኪሱ አውጥቶ ለሁለት ቀደደው።

«እኔ ነኝ፣ እህቴ። ጨርቁን በወጉ እንኳ ገልጬ አላየኋቸውም። አስፈርሜሽ ልሄድ ነበር። ተሳስቻለሁ።»